አልቅቷ ዝም ያለችበት ክረምት

ሰኞ

ደብተር ገዛሁ። ባለሱቁ ለልጅህ ነው ወይ አለኝ። ለልጄ አባት ነው አልኩት። የማታ ትምህርቱን ስንጨርስ መምህሯ፣ ፊደሉ ከእጃችሁ እንዳይሸሽ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ ከላይ ቀኑን አድርጉበት ብላናለች። ይኸው፣ ሰኞ። ከክፍሉ ቀድሜ አንብቤ የጨረስኩት እኔ ነኝ። የምትከተለኝ ሴትዮ መነጽር ነበራት፤ እኔ በባዶ ዓይኔ ነው።

የምጽፈው ስለ ራሴ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ወሬ ከየት ይመጣል። ድንጋይ አንጣፊ ነኝ። በትልቁ አዳራሽ ፊት ያለውን አደባባይ የምናለብሰው እኛ ነን። አንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሁለት የጠገቡ ሰርገኞች ያህል ይከብዳል። የማነሳው ከታላቅ እህቴ ባል ጋር ነው። ሰው እሱን ዝምታ ይለዋል፣ እኔን ሬዲዮ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንን ያዋለ ሰው ሁለት ጆሮውን እኩል አሳረፈ ማለት ነው።

የኛን አሠራር ማንም አይችለውም። ድንጋዩን ልናሳርፍ ስንል ዝምታ የሱን ጫፍ መሬት ያስነካል፣ እኔ የኔን አንጠልጥዬ እቆማለሁ። «ይዘሃል?» ይለኛል። «ይዣለሁ» እለዋለሁ። ያኔ እጁን ከስር ሰዶ አሸዋውን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ጠጠር ካለ ይለቅማል። ሌሎቹ በእንጨት ነው የሚጠርጉት፤ የነሱ ድንጋይ ሲረገጥ ያንኳኳል፣ የኛ ጭጭ ነው። እህቴን ካገባ ጀምሮ እንዲህ ነን። አንድም ቀን ለቅቄበት አላውቅም።

ረቡዕ

ወገቤን አላመመኝም። አልጋው ነው የጎበጠው። ባለቤቴ አልጋው ምን አደረገህ ትላለች። ጫማዬን ያሰረችልኝ ፈልጋ ነው።

ዓርብ ማታ

ዛሬ ትልቅ ቀን ነው፣ በደንብ ልጻፈው።

ፎርማኑ ማሽን አመጣ። በጎማ ይሄዳል፣ ረጅም ክንድ አለው፣ ክንዱ ጫፍ ላይ እንደ ትሪ ያለ ሳህን ተንጠልጥሏል። የሳህኑ ዙሪያ የጎማ ከንፈር ነው። ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጡት አየሩን ስቦ ይጣበቅና ድንጋዩን እንደ ላባ ያነሳዋል። ገመድ የለ፣ መንጠቆ የለ። ወዲያው ስም አወጣሁላት፤ አልቅት። እስከ ማታ አደባባዩ ሁሉ አልቅት ሲል ዋለ።

ፎርማኑ ማንበብ የሚችል አለ ወይ ሲል እጄ ከአፌ ቀድሞ ወጣ። ክንዷ ላይ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ ተመቷል። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ዜና አንባቢ አነበብኩት። «ክቡራን አድማጮቻችን፤ ከተንጠለጠለ ድንጋይ ስር እጅ አታስገባ። እርጥብ ድንጋይ አታንሳ። የአየር መለኪያው መርፌ ቀይ ላይ ሲደርስ ፊሽካው ይጮሃል፤ ሲጮህ ድንጋዩን ወዲያው አውርድ። የስፖርት ዜና ከጥቂት ቆይታ በኋላ።» ሰው በሳቅ ሞተ። ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስነብቡኝ ዝምታ ራሱ ፈገግ አለ። እሱ የማታ ትምህርት ተመዝግቦ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣው፤ አንተ ካነበብክ ለሁለታችን ይበቃል ብሎ ቀረ።

ማሽኗን የምነዳው እኔ ሆንኩ። የማዘዣ ዱላዋን ይዞ መቆም ነው። ወገብ የሚባል ነገር አይጠይቅም።

ማክሰኞ

በሳምንት የምንሠራውን በሁለት ቀን ጨረስን። እኔ ዱላውን ይዣለሁ፣ አልቅቷ ድንጋዩን ይዛለች፣ ዝምታ ከስር። ድንጋዩ መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቆመዋለሁ። «ይዘሃል?» ይላል። «ይዣለሁ» እላለሁ። እጁን ይሰዳል፣ ይዳብሳል፣ ያወጣል። አንዱ አንጣፊ ቆርቆሮው ላይ እጅ አታስገባ አይልም እንዴ አለ። ዝምታ በኔ ድምፅ «ክቡራን አድማጮቻችን» አለው። ከሥራው ሁሉ ያሳቀኝ እሱ ነው። ዝምታ ቀለደ ብዬ ለእህቴ ነገርኳት፣ አላመነችም።

ቅዳሜ

ዝናቡ ገባ። ድንጋዩ ሁሉ እርጥብ ነው። የአልቅቷም ከንፈር አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። ለፎርማኑ ነገርኩት። ሌላ ታዟል፣ ይመጣል አለ። እስኪመጣ በጨርቅ እየጠረጋችሁ ቀጥሉ፤ ለአዳራሹ ምረቃ የተጠሩት እንግዶች ዝናቡን አይተው አይቀሩም አለ።

ሰኞ

ፊሽካ። ፊሽካ። ፊሽካ። ባነሳን ቁጥር ትጮሃለች። አውርድ፣ ጥረግ፣ እንደገና አንሳ። ቀኑን ሙሉ ሠርተን ግማሽ ረድፍ አልሞላንም። በእጃቸው የሚሠሩት አልፈውን ሄዱ። አንዱ ማሽኑም እንደ ነጂው ወሬኛ ነው አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ፎርማኑ ጠርቶኝ፣ ይቺን ፊሽካ ወይ ፍርድ ቤት ውሰዳት ወይ ዝም አሰኛት አለኝ። ካልሆነ ማሽኗ ትመለሳለች፣ አንተም ወደ እጅህ ትመለሳለህ አለ።

እጅ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት።

ማክሰኞ

ዛሬ አልቅቷ ድምፅዋ ጠፋ። ብርድ መትቷት ይሆናል። ሥራው ግን እንደ ቅቤ ሄደ። ፎርማኑ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ምንም አልጠየቀኝም። እህቴ የሰጠችኝ ቢጫ ፎጣ ጫፉ ተቀዷል። የአይጥ ነገር።

ዝምታ ጠዋት ፊሽካዋን አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለም። መቼስ ምን ብሎ ያውቃል። ግን ዛሬ «ይዘሃል?» ሲል ጮክ ብሎ ነው። ደጋግሞም ይጠይቃል። ጆሮዬ ደህና ነው አልኩት።

ሐሙስ

ከንፈሩ አልመጣም። ዝናብ። ብዙ አነጠፍን። ሰው ዳር ቆሞ ያየኛል። ለሚያልፉት ቆርቆሮውን አነብላቸዋለሁ፣ አሁን የአየር ሁኔታም ጨምሬበታለሁ።

ቅዳሜ

እጁ

ቅዳሜ ማታ

መምህሯ ይህን ፊደል ብታይ ትደበድበኝ ነበር።

ድንጋዩ ወደቀ። ዝምታ ቀኝ እጁ ከስር ነበር። መርፌው ደህና ነበር መሰለኝ። ሰዎች ቆመው ነበር፣ የአዳራሹ ሠራተኞች፣ ምሳ ሊበሉ የወጡ። ቆርቆሮውን እያነበብኩላቸው ነበር። ዝምታ ጠየቀኝ። መለስኩለት።

አልጮኸም። እኔ ነኝ የጮህኩት። ሰው ብረት እስኪያመጣ አልጠበቅሁም፣ ድንጋዩን ብቻዬን በእጄ አነሳሁት። ለሁለት ሰው የሚከብደውን። እንዲህ ያለ ጉልበት አለኝና ማሽን ምን ሊያደርግልኝ ነበር። እሱን ጎትተው የአልቅቷ ጎማ ላይ አስደገፉት፣ ፊሽካዋ ስር። እኔ ከዚያ በኋላ ቀና ማለት አልቻልኩም። ሁለታችንንም በአንድ መኪና ጭነው ወሰዱን። መኪናው ውስጥ ግራ እጁን ጨብጦ ኪሱ ከተተ፣ እንደ በረደው ሰው። ለማሳቅ አንድ ነገር ልናገር አሰብኩ። አልመጣልኝም።

እሑድ

ሦስት ጣት ቆርጠዋል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ቀርተዋል፤ ሌባ ጣቱ ግን አይታጠፍም አሉ።

እህቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። እታለም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ፣ «አንተ አልነበርክም እንዴ እዚያ?» አለችኝ። ነበርኩ አልኳት። «እንዴት ታዲያ» አለችና ተወችው።

ሰኞ

ሳይነጋ ወደ አደባባዩ ሄድኩ። ወገቤን በመቀነት አስሬ። ዘበኛው ምን ረሳህ አለኝ፣ ኮፍያ አልኩት። ኮፍያው ራሴ ላይ ነበር።

ፊሽካዋ ውስጥ ምንም የለም። ንጹህ ነው። በጣቴ ደህና አድርጌ አየሁ። ወድቆ ይሆናል ብዬ መሬቱን ሁሉ ዳበስኩ። ጎርፍ ወስዶት ይሆናል። ጎርፍ ወስዶታል።

ረቡዕ

ከመሥሪያ ቤት መርማሪ መጣ፣ ትሑት ሰው፣ ጫማው ንጹህ። መጀመሪያ ፊሽካዋን ሞከራት። ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት። ፎርማኑ «ይኸው!» አለ። ሌሎቹን ጠየቃቸው። የሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮህ ስለነበር አልለየነውም አሉ። እኔን ጠየቀኝ። «እኔ ጆሮዬ በራሴ ድምፅ የተያዘ ነው» አልኩት። ሳቁ። እሱም ትንሽ ሳቀና ጻፈ።

ከዚያ ሆስፒታል ሄዶ ዝምታን ጠየቀው። እኔም በር ላይ ነበርኩ። ዝምታ ግድግዳውን እያየ፣ «ጮኋል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አለ።

መርማሪው ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቀስታ አስረዳው። ፊሽካው እየጮኸ እጅህን ካስገባህ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ካሳ የለም፤ ቦታህም አይጠበቅልህም። ገብቶሃል? አለው። ዝምታ ገብቶኛል አለ። ሰውዬው ነገሩ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይዘጋል፣ የምትጨምረው ካለህ ላክብኝ ብሎ ወጣ።

ለምን እንዲህ አለ? ሰው ሲታመም ይቀባዥራል። ሙቀት ነበረው። ሙቀት እንደነበረው ነርሷም ተናግራለች።

ረቡዕ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለ። ባለቤቴን ላለመቀስቀስ በሻማ ነው የምጽፈው።

ነገሩን በቀዝቃዛ ጭንቅላት ልመዝነው። እሱ ጮኋል ካለ ጮኋል። እኔ ማን ነኝና የተጎዳውን ሰው ውሸታም የማደርገው። ደግሞ እኔ ከማሽኑ ብነሳ ለማን ይጠቅማል? በዚህ ወገብ ድንጋይ አላነሳም። ወገቤ ደህና ነው፣ ግን ለጊዜው አላነሳም። የእህቴን ቤት ማን ሊረዳ ነው? እኔ ነኝ። ስለዚህ ማሽኑ ላይ መቆየቴ ለነሱም ነው። እንዲያውም ለነሱ ብቻ ነው።

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዜና ሲያነቡት ሁሉም ነገር ያምራል።

ሐሙስ

በእንጨት የሚጠርግ አዲስ ሰው ሰጡኝ። ምንም አይጠይቀኝም። ዱላውን ይዤ ስቆም አፌ ብቻውን «ይዣለሁ» ይላል። ሰውዬው ምን አልክ ይለኛል።

ዓርብ ማታ

እህቴ መጣች። ዝናቡ ጃንጥላዋን ገልብጦባት ረጥባለች። ባለቤቴ ሻይ ላፍላ ስትል አይ፣ አልቀመጥም አለች። ቦርሳዋን ከፍታ አንዲት ቢጫ ጨርቅ አወጣች። ታጥባለች፣ ተተኩሳለች፣ አራት ቦታ ታጥፋለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

የኮቱን ኪስ ሳጥብ ያገኘሁት ነው አለች። ግራ ኪሱ ውስጥ። የሚሆነውን ሁሉ ሆኖ፣ እጁ እንደዚያ ሆኖ፣ ከዚያ ማሽን ውስጥ በደህናው እጁ መዞ ማንም ሳያይ ኪሱ የከተተው እሱ ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቀው የአፍንጫ መጥረጊያ ነው አለኝ። እኔ የሰፋሁትን ጠርዝ አላውቀውም መሰለው።

እኔ እታለም ስሚኝ አልኩ። አልሰማችም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ይሄ ያንተ ነው» አለች። «እኔ ለማንም አልናገርም፤ እሱ አትናገሪ ብሎኛል። ባል አጋማሽ ሆኖ ቀርቶልኛል፣ ወንድም ደግሞ ጨርሶ እንዳይጠፋብኝ ፈርቶ ነው። አንተ ግን ማንበብ የምትችል ሰው ነህ።»

ጃንጥላዋን በሩ ላይ አቃንታ ሄደች። ባለቤቴ ጨርቁን አየች፣ እኔን አየች፣ ሻዩን አፈላች፣ አንዱንም ሳንጠጣ አደረ።

ፊሽካዋን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። አይጥ አይደለም። መርፌውም ቀይ ላይ ነበር፤ አላየሁትም እንጂ ነበር። «ይዘሃል?» ሲለኝ ፊቴ ወደ ሰዎቹ ነበር። የስፖርት ዜናው ላይ ደርሼ ነበር። ሳልዞር ነው ይዣለሁ ያልኩት። ምን እንደያዝኩ አላውቅም።

ቅዳሜ

የቢሮው ኮንቴይነር ውስጥ ፎርማኑና መርማሪው ነበሩ። ቆሜ ተናገርኩ። ፊሽካው አልጮኸም፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ደፍኜው ነበር አልኩ።

ፎርማኑ ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ አይደለም፣ ግን ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ ሬዲዮ ነው የምንለው፤ ካልቀለደ ያመዋል» አለው ለመርማሪው። መርማሪውም ስለ እሱ ሰምቻለሁ ብሎ ፈገግ አለ። ደግሜ ተናገርኩ። ፎርማኑ ዛሬስ ተወን፣ ሰው ሐዘን ላይ ነው አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምኩት ሳቅ መጥቶ በሩን ዘጋብኝ።

ኑ ውጡ አልኳቸው። ዝናቡ ያካፋል። ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ መጣ። ጨርቋን ከኪሴ አወጣሁና ፊሽካዋ ውስጥ እንደዚያን ቀን አድርጌ ወተፍኳት። እርጥብ ድንጋይ መርጬ ሳህኑን አሳረፍኩበት፤ የተሰነጠቀው ከንፈር እንደተሰነጠቀ ነው። ማንም አጠገብ እንዳይቆም ነገርኳቸው። አነሳሁ። መርፌው ወረደ፣ ቀዩ ላይ ደረሰ። ምንም ድምፅ የለም። ዝናቡ ብቻ ድንጋዩ ላይ ይሰማል። ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ድንጋዩ ተላቀቀና ወደቀ፣ ለሁለት ተሰበረ።

ብዙ ሰው ፊት ብዙ ነገር አሳይቻለሁ። ማንም ያልሳቀበት ይሄ የመጀመሪያው ነው።

መርማሪው ጨርቋን ራሱ መዘዛት። ማን ዝም አሰኛት አለህ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፎርማኑ እኔ እንዲህ አድርግ መቼ አልኩ፣ ለቀልድ ያልኩት ነው አለ። ሊሆን ይችላል። ከኔ ነው የተማረው።

ሰኞ

አባረሩኝ። ገና ክስም ሊኖር ይችላል አሉ። የዝምታ ጉዳይ እንደገና ይታያል። ይታያል ነው ያሉት፤ ይከፈላል አላሉም።

ማክሰኞ

ዝምታ ከሆስፒታል ወጥቶ እቤቱ ነው ሲሉኝ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተልኝ፣ በግራው። ተቀመጥ አላለኝም። «ማን ተናገር አለህ?» አለኝ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። «አንድ ሰው ተጎድቶ ይበቃ ነበር። አሁን ሁለት ሆንን። ምን አተረፍክ?» አለ። ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በሩን ዘጋው፣ ቀስ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው።

እሑድ

ባለፈው ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። የሚጻፍ አልነበረም። ወገቤን ያመኛል። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ከባድ ነገር የለም ብሎኛል።

ዛሬ እህቴ ላከችብኝ። ጣሪያቸው አልጋው ላይ ያፈሳል፣ አልጋው ደግሞ የድሮ ነው፣ ብረት፣ እሷ ብቻዋን አትችለውም። ጎረቤት መጥራት ትችል ነበር። ላከችብኝ።

ሄድኩ። ዝምታ አልጋው አጠገብ ቆሟል፣ ቀኝ እጁ ታስሯል። ሰላም አልኩት፣ ራሱን ነቅንቆ መለሰልኝ። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው መሐል ፍራሹ ላይ ያርፋል። እኔ በራስጌ፣ እሱ በግርጌ ያዝን፣ እሱ በግራ እጁና በቀኝ ክርኑ። ወደ ደረቁ ግድግዳ ወሰድነው። ወገቤ እሳት ሆነብኝ፣ ጥርሴን ነከስኩ።

ልናሳርፈው ስንል ቆመ። ወለሉ ላይ፣ የኔ የአልጋ እግር በሚያርፍበት በኩል፣ የጣሪያ ፍርፋሪ ወድቋል። እዚያ ላይ ካረፈ አልጋው ሲወዛወዝ ያድራል። የሱን ጫፍ መሬት አስነክቶ ወደኔ ዞረ፣ ጎንበስ አለ።

«ይዘሃል?» አለኝ።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር፣ እንደ ወትሮው፣ ብቻውን ሊወጣ። ዋጥኩት። እጆቼን አየኋቸው፣ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ጣቶቼ ብረቱን እንደዞሩት አየሁ። ጉልበቴን አጠፍኩና ጫፉን ጭኔ ላይ አስደገፍኩ። እግሬ የረገጠውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። እሱ ጎንበስ እንዳለ ይጠብቀኛል፣ አልቸኮለም። እህቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይዣለሁ» አልኩ።

ግራ እጁን ከስር ሰደደ።